ሳይቃጠል በቅጠል፣ ከተቃጠለ በውሃ

ና እስቲ ወዳጄ፣ ግባ፣ ቁጭ በል። አቦሉ አምልጦሃል፤ ቶናው ግን ገና መፍላቱ ነው። ለጫማህ አትጨነቅ፣ ቄጤማው የተጎዘጎዘው ሊረገጥ ነው። ፈንዲሻውን ወዳንተ ሳብ አድርገው። ስኳር እንደ ድሮህ አንድ ማንኪያ ነው አይደል? አልረሳሁም።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ያቺ የልጅ ልጄ በእግሯ መሄድ ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም፤ ጀበናው በፈላ ቁጥር ዓይኗ እዚያ ላይ ነው። እኔ ስቀዳ አንተ እሷን ጠብቅልኝ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣብህ ትለኝ ይሆናል። ከአንድ የቡና ሰዓት ነው የመጣብኝ፤ ላውራህ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ወሬው ደርቶ ሳለ፣ የሁለት ዓመቱ የቤቱ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ብቅ ብሎ የጀበናውን ጆሮ ሳበ። የፈላው ቡና ከደረቱ እስከ ክንዱ ወረደበት። ያን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። ከዚያስ? አንዷ ወደ ቅቤው ሮጠች፣ አንዷ «ሊጥ! ሊጥ አምጡ!» አለች፣ ሌላዋ እንቁላል ሰበረች። እኔ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ይዤ ከተፍ አልኩ። ሁላችንም የምናደርገው እናቶቻችን ሲያደርጉ ያየነውን ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ የለቀለቅነውን ሁሉ ከተገሸለጠው ቆዳ ላይ ቀስ እያለች ስታነሳ፣ ልጁ ከመጀመሪያው የባሰ ጮኸ። በመጨረሻ ቀና ብላ አንዲት ጥያቄ ጠየቀችን፤ «ውሃ አፍስሳችሁበታል?» ማንም አልመለሰላትም። ጢም ብሎ የሞላ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በሩ ሥር ቆሞ ነበር።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን፤ እውነታቸውን ነው። ከተቃጠለስ? ከተቃጠለማ በውሃ ነው። ይህን ከራሴ አንቅቼ የምነግርህ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ኩዊንስላንድ በተባለው ግዛት፣ ሐኪሞች ተቃጥለው የመጡ የ2,495 ልጆችን መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት አለ። ከሌላ የገላ ክፍል ቆዳ ተገፎ ቁስሉ ላይ የሚለጠፍበት ቀዶ ሕክምና አለ አይደል? አደጋው በደረሰ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ በፈሰሰላቸው ልጆች ላይ፣ ያ ቀዶ ሕክምና የማስፈለጉ ዕድል ከ40 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ሆስፒታል የሚተኙትም አነሱ። የቧንቧ ውሃ ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው።

20 ደቂቃ ስልህ ግን ቀላል አይምሰልህ። ልጅ እያለቀሰ 20 ደቂቃ ዓመት ነው፤ እናት አንጀቷ አይችልም፣ ሁለት ደቂቃ አፍስሳ ብድግ ታደርገውና ትሮጣለች። እሳቱ ከላይ የጠፋ ቢመስልም ሙቀቱ ከቆዳው ሥር ሥራውን እየሠራ ነው፤ ውሃው የሚከተለው ያንን ነው። በረዶ ግን አይደረግም፤ በረዶ ራሱ ቆዳ ይጎዳል። ቀለበት ወይም አምባር ካለ እጅ ሳያብጥ ይወልቃል፤ ልብሱም ቆዳው ላይ ካልተጣበቀ ይነሳል። የቀረው ገላ እንዳይበርደው ጋቢ ይደረብለታል፤ ከዚያ ቁስሉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጣል ተደርጎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ወራጅ ውሃ ከየት ላምጣ?» አልክ በልብህ። ከጀሪካኑ በጣሳ በጣሳ ይንቆርቆርለት፤ እሱም ካነሰ ንጹሕ ጨርቅ እያረጠቡ መቀያየር ነው። ድንጋጤው አስረስቷችሁ መንገድ ላይ ትዝ ቢላችሁም አልመሸም፤ ሦስት ሰዓት ድረስ ይጠቅማል። ያ ቡና የፈሰሰበት የጎረቤት ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ይለኛል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ዓይኔ ክንዱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጠጣ እንጂ፣ በረደብህ።

ውሃ እንዲህ ካዳነ፣ ሁልጊዜ ያድናል ማለት ነው? አይደለም፤ ይኸው ውሃ በደም ሥር ሲገባ ሌላ ታሪክ አለው። ከኛ ሰው አንዱ ታክሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው? «ጉልኮስ ተሰቀለልህ?» ነው። ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም። ለነገሩ ሐሳቡ የኛ ብቻ አልነበረም። በትኩሳት ዝሎ፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ ለመጣ ሕፃን ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት ማንቆርቆር ለብዙ ዓመታት በሕክምና መጻሕፍት የሰፈረ ሥርዓት ነበር። ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ግን ዶክተር ካትሪን ሜትላንድና የሥራ ጓደኞቿ «እስቲ ይመዘን» አሉ። ጥናቱ ፊስት ይባላል። 3,141 ሕፃናት ገቡበት፤ በዕጣ ተከፍለው ለሁለቱ ቡድን ፈሳሹ በፍጥነት ተሰጠ፣ ለሦስተኛው ያ ጥድፊያ ቀረለት። ሁሉም የጠበቀው በፍጥነት የተሰጣቸው ይድናሉ ብሎ ነው።

በ48 ሰዓት ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነበር። በፍጥነት ካልተሰጣቸው ከመቶው 7.3 ሲሞቱ፣ በፍጥነት ከተሰጣቸው በአንደኛው ቡድን 10.6፣ በሌላኛው 10.5 ሞቱ። ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። እስቲ አስበው ወዳጄ። ከመቶ ሕፃናት ሦስቱ የሞቱት ሊያድናቸው ተብሎ በተሰጠው ነገር ነው ማለት ነው። ያንን ፈሳሽ የሰቀሉት ሐኪሞች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እኔም ያኔ የጥርስ ሳሙናውን ይዤ ስሮጥ ክፉ አልነበርኩም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለካ እንዲህም ይሆናል። እኔን ከምንም በላይ የሚያስደስተኝ ደግሞ ጥያቄው እዚሁ ሠፈራችን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች ተጠይቆ እዚሁ መመለሱ ነው። ሌላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ፣ የኛን ወባ የያዘውን፣ ደሙ ያነሰውን ሕፃን እንዴት አድርጎ ያውቀዋል?

ግን ተጠንቀቅ፣ ይህን ሰምተህ ሄደህ «ፈሳሽ ይገድላል ተባለ» እንዳትል። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ልጅ እዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረም። እሱ ውሃው አልቆበታል፤ ለምለም የሚሉትን የተቅማጥ ዱቄት በጥብጦ በማንኪያ በማንኪያ መስጠት፣ ከጠናበትም ሐኪም ጋ ማድረስ ያው እንደ ጥንቱ ነው።

ከውሃ ወደ ደም እንሻገር መሰለኝ። ስለ ደም ሳስብ አንዲት ጃፓናዊት ትመጣብኛለች፤ ኡታኮ ኦካሞቶ ትባላለች፣ እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለደች ሐኪም ናት። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ተራቁታ ነበር። እሷና ባለቤቷ ሾሱኬ ምርምራቸውን በደም ላይ አደረጉ፤ ለምን? ደም ርካሽ ነዋ፤ ካጠረም ከራስ ክንድ ይቀዳል። ልጇን የሚይዝላት ስላልነበረ አዝላት ነበር ቤተ ሙከራ የምትቆመው። ይህን ስሰማ አንቀልባ ያነገቱ የኛ እናቶች ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት። እ.ኤ.አ. በ1962 ባልና ሚስቱ የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት ይዘው ወጡ፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። የእሷ ሕልም ስትወልድ ደም የሚፈሳትን ሴት ማዳን ነበር። የዚያን ጊዜ የማህፀን ሐኪሞች ግን እንሞክረው ብትላቸው እሺ አላሏትም።

መድኃኒቱ በአደጋ በደሙ ሰዎች ላይ በሰፊው ሳይመዘን ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። ኋላ ላይ በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች 20,211 በአደጋ የተጎዱ ሰዎች ላይ ተመዘነ፤ ክራሽ 2 ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የወጣው። መድኃኒቱ ካልተሰጣቸው ከመቶው 16 ሲሞቱ፣ ከተሰጣቸው 14.5 ሞቱ። «አንድ ተኩል ብቻ?» አልክ? በዓለም መንገዶች ላይ በየቀኑ ስንት ሰው እንደሚወድቅ አስበውና ከዚያ «ብቻ» በል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ሲሰጥ ከሁሉ ይበልጥ ያድናል፤ ከሦስት ሰዓት ካለፈ ግን በመድማት የሚሞተውን ሰው ቁጥር ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። በኋላ የ40,138 ሰዎች ውጤት አንድ ላይ ተደምሮ ሲታይ፣ በዘገየ በየ15 ደቂቃው ጥቅሙ በ10 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታወቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ለደም ሁሉ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ከጨጓራና ከአንጀት ለሚደማ ሰው በ12,009 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 አልጠቀመም ተባለ፤ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም በደም ሥር ውስጥ ደም አረጋ። እንዲህ ያለውን ውጤት ሳይደብቁ የሚያትሙ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል።

እናቶቹስ? የኦካሞቶ ሕልም የት ደረሰ? የኛን ምርቃት እስቲ አስታውስ። ሴት ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የምንላት። እንኳን ወለድሽ ብቻ አይደለም፤ ማረችሽ ነው፣ ከሞት ደጃፍ መለሰችሽ ነው። አያቶቻችን ያ ደም ምን እንደሆነ ያውቁታል። በ21 አገሮች፣ 20,060 ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳቸው ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። በደም መፍሰስ የሚሞቱት ከመቶ 1.9 የነበሩት ወደ 1.5 ወረዱ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም ሰፋ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሰጥ አለ። ኦካሞቶ ግን አላየችውም። አንድ ዓመት ቀድማ፣ በ98 ዓመቷ አርፋ ነበር። ይህቺ ነገር ባሰብኳት ቁጥር ታሳዝነኛለች።

መድኃኒቱ ኖረ እንበል፤ ሴትየዋ ብዙ እየደማች መሆኑን ማን ያውቃል? ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንላለን። በደም ነገር ግን ዓይን ይሳሳታል፤ አንሶላው ይጠጣዋል፣ ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ ምሽት ነው፣ አዋላጇ ብቻዋን ናት። እዚህ ላይ የመጣው መፍትሔ ያስገርምሃል፤ አንዲት የፕላስቲክ ከረጢት ናት። ከወላዷ ሥር ትነጠፋለች፣ ደሙ ይወርድባታል፣ መስመር ስላላት ስንት እንደሆነ ታሳያለች። መስመሩ ላይ ሲደርስ ማህፀኑን ማሸት፣ መድኃኒቱ፣ ምርመራው አንድ በአንድ ሳይሆን ባንድ ላይ ይጀመራል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች፣ ከ210,000 በላይ ወሊዶች የታዩበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። በተለመደው አሠራር ብዙ ከደሙት ሴቶች የታወቀላቸው ግማሾቹ ብቻ ነበሩ፤ በከረጢቷ ግን ከመቶው 93ቱ ታወቀላቸው። ለከፋ ጉዳት የሚዳረጉትም ከመቶ 4.3 ወደ 1.6 ወረዱ። ወዳጄ፣ እኔ ባለሥልጣን ብሆን ይህቺ ከረጢት የሌለችበት ማዋለጃ ክፍል አይኖርም ነበር። አንተስ?

የሰዓት ነገር ካነሳን፣ የኛም አገር አንድ እርምጃ ተራምዷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ልዩ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሯል፤ ከዚያ በፊት ድንገተኛ ክፍልን ራሱን የቻለ ሙያ ብሎ የሚይዘው አልነበረም። በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል ደግሞ አቤት ይባላል። የቦታው የእንግሊዝኛ ስም ፊደላት ሲገጣጠሙ ነው «አቤት» የሆነው፤ እኔ ግን ስሙን በአማርኛ እሰማዋለሁ። የተጨነቀ ሰው «አቤት!» ይላል፤ የተጠራም ሰው «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ጩኸቱም መልሱም አንድ ቃል ነው።

ሐኪሙ እስኪገኝ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ አንተና እኔ ነን። የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና አለመልቀቅ ትምህርት ቤት አያስገባም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስልክህ ላይ አለ? አሁን ጻፈው፣ እጠብቅሃለሁ።

ጻፍክ? ጥሩ። በረካው እስኪፈላ ቀለል ያለ ላጫውትህ። ልባቸው በድንገት ተነስቶ በደቂቃ 150፣ 180 ጊዜ የሚደልቅባቸው ሰዎች አሉ። የጥንቱ ዘዴ ማስማጥ ነበር፤ ታማሚው ተቀምጦ ትንፋሹን አምቆ ይገፋል። እንግሊዝ አገር በ10 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል 428 በሽተኞች ላይ አንዲት ነገር ጨመሩበት። ታማሚው ለ15 ሰከንድ በኃይል እንዲነፋ ያደርጉና፣ ወዲያው በጀርባው አስተኝተው እግሮቹን ለ15 ሰከንድ ቀና አድርገው ይይዙለታል። በድሮው መንገድ ልባቸው የተረጋጋላቸው ከመቶ 17 ነበሩ፤ እግር ሲነሳ 43 ሆኑ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። ዋጋው ስንት ነው? ምንም። መድኃኒት የለው፣ መርፌ የለው። ግን ልብህ በመታ ቁጥር ሚስትህን «እግሬን አንሺልኝ» እንዳትል፤ የልብ ምቱ በመሣሪያ ታይቶ፣ ሐኪም ባለበት የሚደረግ ነው።

ቀላል ነገር ካነሳን የማሩንም ላንሳልህ። እነዚያ ሳንቲም የሚመስሉ፣ በእጅ ሰዓት፣ በሪሞት፣ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ያሉ ድቡልቡል ባትሪዎች አሉ አይደል? ልጅ ከዋጠውና ጉሮሮው ሥር ከተቀረቀረ፣ ባትሪው ከምራቁ ጋር ተገናኝቶ ሥጋውን ማቃጠል ይጀምራል፤ በሁለት ሰዓት ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች በአሳማ ግልገሎች ላይ የተለያየ ነገር ሞክረው፣ ማር ጉዳቱን እንደሚያቀልለው እ.ኤ.አ. በ2018 አሳዩ። ማሩ ባትሪውን ይሸፍነዋል፣ ቃጠሎውንም ያበርደዋል። ስለዚህ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ፣ መዋጥ ለሚችል ልጅ፣ ወደ ሆስፒታል እየተሮጠ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፣ ቢበዛ ስድስት ጊዜ ይሰጠዋል። እየተሮጠ ነው ያልኩህ፤ ማሩ ባትሪውን አያወጣውም፣ የሚያወጣው ሐኪም ነው። ማር አጣሁ ብሎ መዘግየትም የለም፤ ለማስታወክ መሞከርም የለም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ራሱ አይሰጥም። የዛሬ ሳምንት የቤቴን ሪሞቶች ሁሉ ሰብስቤ የባትሪያቸውን ክዳን በፕላስተር አሽጌያለሁ።

እየው፣ በረካው ገነፈለ። ከማንሳቴ በፊት ልጅቷን ብድግ አድርግልኝ፤ ወደ ጀበናው እየመጣች ነው።